በዚህ ቤት አይፏጭም

በመናፍስት አላምንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኦፔራ ቤታችን ደጃፍ ጃንጥላ ከፍ አድርገው ቱሪስት የሚነዱት አስጎብኚዎች ስለ አንዲት ነጭ ለባሽ ዘፋኝ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ስለሚፈላ ነው። ባለፈው መኸር አንዷን አስቁሜ፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ጄሶ አቡክቻለሁ። ነጭ ለባሽ ታይቶ ከሆነ እኔ ነበርኩ» አልኳት። ቱሪስቶቹ ሳቁ። እሷ ግን ነገረኛ ሽማግሌ የገጠማት መስሏት ፊቷን አዙራ ሄደች። አልተሳሳተችም።

ስለ ነጭ ለባሿ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ኖራ አታውቅማ። ስለ ሮስቪታ ሃኒሽ ግን አውቃለሁ። ሮስቪታ ዘፋኝ አልነበረችም፣ ለሳኝ ነበረች፤ ስሟም በቤቱ ውስጥ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ስለዚህ ባወራባት የምትቆጣኝ አይመስለኝም፣ ብትቆጣም ደስ ይለኛል።

ቤቱ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። መጀመሪያ በቅድመ አያቶቻችን ዘመን፣ ጣሪያ ሥር የጋዝ ቧንቧ የሚጠግኑ ሠራተኞች ኩራዝ ለኩሰው ሲሠሩ እሳት ለቀቁበት፤ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስኪመሽ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ንጉሡ እዚያው ቦታ ላይ የበለጠ አስውቦ አሠራው። ሁለተኛው እሳት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 በቦምብ የመጣው ነው። ያን ጊዜ የተቃጠለው እሱ ብቻ አልነበረም፣ ከተማው በሙሉ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ እኛ ዘንድ ሰው ስለ አንድ ነገር ዕድሜ ሲጠይቅ ዓመቱን አይጠይቅም፤ «ከእሳቱ በፊት ነው በኋላ?» ነው የሚለው።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ጣሪያ አልባ ሆኖ በአጥር ተከልሎ ቆመ። በመስኮቶቹ ውስጥ ዛፍ በቀለ፣ ቁራ ጎጆ ሠራ። በመጨረሻ መንግሥታችን እንደ ድሮው ይሠራ ብሎ ወሰነ። ዳቦ ለመግዛት የምንሰለፍበት አገር ለኦፔራ ቤት ወርቅ ቅብ ሲያወጣ ያጉረመረመ ብዙ ነው፤ እኔም አጉረምርሜአለሁ። በኋላ ጠሩኝና ሄድኩ፣ ማጉረምረሜን ሳልተው።

ቱሪስቶቹ እየደባበሱ የሚያደንቋቸው ዓምዶች እብነ በረድ አይደሉም። ጄሶ ናቸው። ጄሶ በሙጫ ውሃ ይታሻል፣ በቀለም በቀለም ተለያይቶ እንደ ሊጥ ይቦካል፣ እየተቆረጠ ዓምዱ ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ይፋቃል፣ በድንጋይ ሰባት ጊዜ ይታሻል፣ በሰም ይወለወላል። ከቀዝቃዛው ድንጋይ በምን ይለያል ካላችሁ፣ እጃችሁን አሳርፉበት፤ ቶሎ ይሞቃል። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች አልቀው ስለነበር ሦስት አዛውንቶች ከጡረታ ተጎትተው መጥተው ነው ያስተማሩን።

ጄሶው ከግድግዳው ጋር በደንብ ካልያዘ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይቀራል። ያንን የምታውቀው በጣትህ አንጓ አንኳኩተህ፣ ጆሮህን ለጥፈህ ነው። ሁላችንም እንዲሁ እናደርግ ነበር። ሮስቪታ ግን አንኳኩታ ስታበቃም ጆሮዋን አታነሳም። ያኔ ሃምሳ ዓመቷ ነበር፤ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯን በመሐረብ ጠፍንጋ የምታስር ሴት። ዓይኗን ጨፍና ዓምዱ ላይ ተለጥፋ ትቆያለች።

ኡቨ የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበረን፣ ከሰሜን ከባሕሩ ዳር የመጣ፣ ጥርስ የማያስከድን ሰው። «እትዬ ሮስቪታ፣ ዓምዱ ዛሬ ምን አለሽ?» ይላታል ከመሰላሉ ላይ። «እስቲ እኔንም አማልጅኝ፣ ሚስት ይፈልግልኝ!»

«ፈልጌለት ነበር ይላል» ትለዋለች ጆሮዋን ሳታነሳ። «ያገኘኋት ሁሉ እሱን ስታይ እንደ ጄሶ ደርቃ ትቀራለች ይላል።»

እንዲህ ነበረች፤ ቀልድ ታውቃለች። ታሪኳን የሰማሁት በዚሁ በኡቨ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን በኅዳር፣ ከምሳ በፊት፣ ኡቨ ከፍ ያለው የመወጣጫ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ሽቦ እየሳበ ማፏጨት ጀመረ። ዘፈን እንኳ አልነበረም፤ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ረዘም ያለ። ከጎኔ የጄሶው ባልዲ ሲወድቅ ሰማሁ። ዞር ስል የሮስቪታ ፊት አመድ መስሏል።

«ውጡ!» አለች። «ሁላችሁም ውጡ! ጋዝ ነው! አንተም ውረድ! ውጡ!»

አጯጯኋ ጥያቄ የሚያስጠይቅ አልነበረም። አሥራ ሁለት ሰው የያዝነውን ጥለን ግቢው ውስጥ በረዶ ላይ ቆምን። ኡቨ በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጠ፣ «ምን ነካት? ቤት አላቃጠልኩ፣ ያፏጨሁት እኮ ነው!» ይላል።

ሎታር መለሰለት። ሎታር የመድረክ ሠራተኞች አለቃ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ከቴአትር ቤት ሳይወጣ የኖረ፣ ግንባሩን ፈቶ የማያውቅ ሰው። «ቴአትር ቤት ውስጥ አይፏጭም፣ አንተ መርከበኛ» አለው። «ድሮ መብራቱ ጋዝ ነበር። ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙ ብቻውን እያፏጨ ይወጣል። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉን አስወጥቶ ይወጣል። ሰው ካፏጨበት ግን በምን ይለያል? ስለዚህ የሚያፏጭ ሰው በጥፊ ይባላል።»

«ኤሌክትሪክ ከገባ እኮ ሰባ ዓመት አለፈው!»

«ኤሌክትሪኩ ገባ፣ ደንቡ አልወጣም» አለ ሎታር። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ቆጠርን። አሥራ ሁለት ነን። ሮስቪታ የለችም። ተመልሼ ስገባ ዓምዱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ፣ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳርፋለች። ጋዝ ነው ብላ እኛን አስወጥታ እሷ ቀርታለች።

«አንቺስ ለምን አልወጣሽም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ጋዝ ካልሆነስ ብዬ» አለችኝ።

ትርጉሙ ያን ቀን አልገባኝም። የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ምሳ ላይ፣ ቅቅል ድንች በአይብና በተልባ ዘይት እየበላን። ከፔርሙዝ የቀዳችው ቡና እንደኛ አገር ደንብ በጣም ቀጭን ስለነበር የስኒው ግርጌ ላይ የተሳለው አበባ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ስታወራ ያን አበባ ነበር የምታየው።

አባቷ አልቪን ሃኒሽ የዚህ ቤት የመድረክ አናጢ ነበር። እናቷ በሳንባ በሽታ ቀድማ ስለሞተች ልጁን ይዞ ወደ ሥራ ይመጣ ነበር፤ ስለዚህ ሮስቪታ ያደገችው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። በእንጨት ዛፍና በሸራ ተራራ መካከል። ስምንት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ልምምድ ላይ አፏጨች። አዲስ የቻለችው ነገር ነበር፣ አባቷን ደስ የሚለው መስሏት። አልቪን በሠራተኛው ሁሉ ፊት በጥፊ መታት። በሕይወቱ የመታት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ተንበርክኮ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ።

«በዚህ ቤት አይፏጭም» አላት። «ፉጨት ከሰማሽ ሰው አይደለም፣ ጋዝ ነው። ምንድን ነው ብለሽ አትፈልጊ። ሁሉንም አስወጪ፣ አንቺም ውጪ። በይ ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ሦስት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ የፕለም ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ገዝቶላት፣ እሷ እየበላች እሱ አለቀሰ።

የጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት ላይ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ዘፋኞቹ ፋብሪካ ገብተዋል፣ የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎች በየተራ እሳት ይጠብቃሉ። በዚያች የየካቲት ሌሊት ተራው የአልቪን ነበር። ሮስቪታ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ አክስቷ ቤት ነበር ያደረችው። ሲነጋ ብቻዋን ወረደች። ስለዚያ ጠዋት መንገድ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት። እኛ ከተማ ውስጥ ያን ነገር ሰው ሰውን አይጠይቅም።

ከመድረኩ በኩል ጣሪያው ወርዶ ነበር፣ ፍርስራሹ ይጤሳል። ሦስት ወታደሮችና አንድ የሰፈር ዘበኛ በአካፋ እየቆፈሩ አገኘቻቸው። ወታደሮቹ የእኛ አካባቢ ሰዎች አልነበሩም፤ አነጋገራቸው የደቡብ፣ የተራራው አገር ነበር።

«የዚህ ቤት ሰው ነሽ?» አላት አንዱ።

«አባቴ እዚህ ነው የሚሠራው።»

«እንኳን መጣሽ። እስቲ ስሚ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ጎንበስ አለች። ከመሬት ሥር ይመጣል። ቀጭን፣ አንድ ዓይነት፣ ረዥም ፉጨት።

አላሰበችም። ማሰብ እንደሌለባት ነበር የተማረችው። «ጋዝ ነው!» ብላ ጮኸች። «ጋዝ ነው! ውጡ! ውጡ!» አንደኛው ወታደር አፉ ላይ ሲጋራ ነበረ፤ ተፍቶ ረገጠው፣ እጇን ይዞ ሮጠ። አደባባዩ መሃል ደርሰው ነው የቆሙት። ዘበኛው በተገነጠለ በር ላይ በጠመኔ «ጋዝ። አትቅረቡ» ብሎ ጻፈና ፍርስራሹ ላይ አቆመው። ወታደሮቹ ራሷን ዳበሷት። «ጎበዝ ልጅ፣ አተረፍሽን» አሏትና ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያ ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። አባቴን ስጠብቅ ዋልኩ» አለችኝ። «ሲመጣ፣ ‹እንዳስተማርከኝ አደረግኩ፣ አራት ሰው አወጣሁ› ልለው። ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር ኤክሃርድ። ከዚያ ሁሉ መሃል ኩራት ይሰማኝ ነበር።»

አልቪን ሃኒሽ አልመጣም። ስሙ ከጠፉት ሰዎች ጋር ተጻፈ፤ ብዙ ነበሩ።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ አክስቷ ሰፈር መንገድ ዳር ተቀምጠው ከሚጫወቱ ልጆች አንዱ የድሮ ቁልፍ፣ ያንን ጫፉ ቀዳዳ የሆነውን፣ ከንፈሩ ሥር አስጠግቶ ነፋበት። ቀጭን፣ አንድ ዓይነት፣ ረዥም። ሮስቪታ የያዘችውን የድንች ከረጢት ጥላ አስታወከች። አባቷ ከመድረኩ ሥር ላለው የብረት በር የሚሆን እንዲህ ያለ ቁልፍ ቀበቶው ላይ ነበረው።

«ከዚያ ምን አደረግኩ መሰለህ?» አለችኝ። «የጡብ አቧራ አፌ ውስጥ ሞልቼ ለማፏጨት ሞከርኩ። አይቻልም። መጮህም አይቻልም። በቁልፍ ግን ይቻላል።» ስኒዋን አዙራ ቀጠለች፤ «ጋዝ ትንፋሽ አይወስድም። ያ ፉጨት ትንፋሽ ይወስድ ነበር? ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው ይህን ስጠይቅ። አንዳንድ ቀን ይወስድ ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን፣ አይ፣ እኔ ነኝ የጨመርኩበት እላለሁ።»

«ደንቡን እሱ ያውቃል አይደል? ታዲያ ለምን ያፏጫል?» አልኩ፣ ላጽናናት ብዬ።

«የሚቆፍሩት እንግዳ ሰዎች መሆናቸውን አነጋገራቸውን ሰምቶ ያውቃላ» አለችኝ። «እንግዳ ሰው ፉጨት ሲሰማ ሰው ነው ይላል። በዚያ ቦታ ከቆምነው ሁሉ ደንቡን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ባልመጣ ኖሮ ቆፍረው ያወጡት ነበር።»

ድንቹ ሳንበላው ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ሕይወቷ ሁሉ ገባኝ። ከእሳቱ ማግስት ጡብ ከሚያጸዱት ሴቶች ጋር ተመዘገበች፤ ግን ከመድረኩ ሥር ያለው መተላለፊያ ተደርምሶ ስለነበር በአፈር ሞልተውት አለፉ። ልስን ተማረች። አላገባችም። ሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ ሲሰጧት እምቢ አለች። የምትኖርባት አንዲት ክፍል መስኮት ወደ ፍርስራሹ ያያል። ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ቦታ የጋዝ ቧንቧ ኖሮ እንደሆነ፣ ጋዝ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም። ነበረበት ከሆነ አራት ሰው ያተረፈች ልጅ ናት። አልነበረበትም ከሆነ ደግሞ ሌላ ናት።

በሚቀጥለው የፀደይ ወር ለአዲሱ የመድረክ ማሽን መሠረት ሲቆፈር መተላለፊያው ተከፈተ። አጥንት አልተገኘም፤ ወንዛችን በሞላ ቁጥር ውሃው ከሥር ስለሚገባ አፈሩ ብዙ ጊዜ ተገላብጧል። የተገኘው የብረት በር፣ ጥቂት ባልዲዎችና አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ነበር። ኩባያውን አሳየኋት። «የማንም ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ዓይነት ነበረው» ብላ መለሰችልኝ። ከበሩ ጎን ደግሞ የእጅ ውፍረት ያለው ቧንቧ ወጣ።

ቧንቧውን ሳይመረምሩ መቁረጥ ስለማይቻል ባለሙያ ተጠራ። አቶ ፒችማን የሚባሉ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው የጋዝ ሰው። ያን ጠዋት ሮስቪታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንተ ጠይቅልኝ። እኔ አልወርድም። አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው፣ ነበረበት ወይም አልነበረበትም።»

ወረድኩ። አቶ ፒችማን ጉድጓዱ ውስጥ ቁጢጥ ብለው የቧንቧውን ጫፍ በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ጋዝ ነበረበት?» አልኳቸው።

«በዚህ?» ሳቁ። «ይህ እኮ ከአባቴም በፊት የሞተ ነው። ና ተመልከት፤ በእርሳስ ደፍነው ማኅተም መትተውበታል። 1909 ይላል፣ መብራቱ ሲቀየር ነው። ከዚያ ወዲህ እንኳን ጋዝ፣ ትንኝም አላለፈበት።»

እርሳሱን በጣቴ ነካሁት። ቁጥሩ ይዳሰሳል። ከደረጃው በላይ ቆማ የምትጠብቀኝ ሴት ታሰበችኝ። ሠላሳ ሁለት ደረጃ ነው። እሱን እየወጣሁ ነው ውሸቱን ያዘጋጀሁት።

«ነበረበት» አልኳት።

«ነበረበት?»

«ሞልቶበት ነበር እንጂ! ማሞቂያው እስከ ጦርነቱ ድረስ በሱ ነበር የሚሠራው ይላሉ ሽማግሌው። አንቺ ባትጮሂ ኖሮ አራቱም እዚያው ይቀሩ ነበር።» ውሸታም ሰው ልኩን አያውቅም፣ ጨመርኩበት፤ «እግዜር ነው የላካት አሉ።»

ለረዥም ጊዜ ፊቴን አየችው። ከዚያ በጄሶ የነጣ እጇን ጉንጬ ላይ አሳረፈችው። «እግዜር ይስጥህ ኤክሃርድ» አለችና ወደ ዓምዷ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነች። ፊቷ ሥጋ ያዘ። በሠራተኞች በዓል ላይ ከኡቨ ጋር ጨፈረች፤ ጫማውን ረግጣ ልታወልቅበት ምንም አልቀራት። እሑድ እሑድ የፖም ኬክ ጋግራ ሰኞ ታመጣልናለች። ዓምድ ስታንኳኳም ጆሮዋን እንደማናችንም አስጠግታ ወዲያው ታነሳለች። እኔ በሕይወቴ በሠራሁት ሥራ እንደዚያ ውሸት የኮራሁበት የለም። ለሚስቴ ነግሬያት፣ «ኃጢአት ነው» አለችኝ፤ «ይሁን» አልኳት።

አምስት ዓመት ሆነ። ቤቱ አለቀ። የሚከፈተው በእሳቱ ቀን፣ በአርባኛ ዓመቱ፣ በየካቲት እንዲሆን ተወሰነ። ማታ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፤ እኛ ጠዋት በአራት ሰዓት ገና ዕቃ ያስገቡ ሰዎች የጫሩትን ዓምድ እንጠጋግን ነበር። ሮስቪታ የሥራ ልብሷን አውልቃ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ መጣች።

«ና እስቲ፣ መድረኩ ድረስ ሸኘኝ» አለችኝ።

መድረኩ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሠራተኞች የማታውን ዝግጅት ይተክላሉ፤ መዶሻው፣ ገመዱ፣ ጩኸቱ። ፊት ለፊት አዳራሹ ባዶውን ተቀምጧል። ቀይና ወርቅ። በግራ በኩል አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከሥራችን የድሮው መተላለፊያ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እርሳሱ ላይ 1909 ይላል» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች አሸሸሁ።

«ሽማግሌው ከመምጣታቸው በፊት ነው የወረድኩት። በእጄ ነካሁት። አንተን የላክሁህ ካወቅሁ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ላክሽኝ?»

«አንድ ሰው ነበረበት ሲለኝ ለመስማት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው አፍ። አትዋሽ፣ አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል፤ ግን ደስ አለኝ። አምስት ዓመት ተኛሁበት።» ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ያልነገርኩህ አንድ ነገር ቀርቷል። ትንፋሽ መውሰድ አለመውሰዱን እጠራጠራለሁ ብዬህ ነበር። ይህን ግን ተጠራጥሬ አላውቅም። ‹ጋዝ ነው› ብዬ ስጮህ ፉጨቱ ቆመ። ወዲያው ነው የቆመው። ጋዝ ሰው ሲጮህ አይቆምም።»

«ሮስቪታ...»

«ድምፄን አወቀው። ቢቀጥል ኖሮ አደባባዩ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር፣ ምናልባትም ይገባኝ ነበር። አልቀጠለም። ልጄ ትውጣ አለ። ጋዝም ይሁን እሳት፣ ብቻ ልጄ ከዚህ ትውጣ አለ። እኔ እሮጣለሁ፣ እሱ እዚያ ታች ዝም ይላል። ስንት ቀን ዝም እንዳለ አላውቅም።»

ማልቀስ ያማረኝ እኔ ነበርኩ። እሷ አላለቀሰችም። ከቀሚሷ ኪስ የቁም ሳጥን ቁልፍ አወጣች፤ የአባቷ ቤት የነበረ፣ ጫፉ ቀዳዳ። ከንፈሯ ሥር አስጠግታ ነፋችበት።

ቀጭን፣ አንድ ዓይነት፣ ረዥም። ቤታችን ለድምፅ የተሠራ ቤት ነው፤ ከመድረኩ ተነሥቶ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ደረሰ።

መዶሻው ሁሉ ቆመ። ሁለት ሰዎች መሣሪያቸውን ጥለው ወደ በሩ መንገድ ጀምረዋል፤ ደንቡ ደማቸው ውስጥ ነው። ሎታር ከመጋረጃው ጀርባ በቁጣ ዘሎ ወጣ።

«ማነው?! ዛሬ! በዚህ ቀን! ማነው ያፏጨው?!»

«እኔ ነኝ ሎታር» አለች።

«እትዬ ሮስቪታ? አንቺ?» አለ ሎታር። እኛን ሁሉ በረዶ ላይ ያስወጣችን ሴት እሷው ነበረች።

«አዎ» አለች። «ጋዝ አይደለም። ሰው ነው። ከታች ያለው ሰው ነው።»

ሎታር የወለሉን ጣውላ አየ፣ የያዘችውን ቁልፍ አየ፣ እኔን አየኝ። ምን እንዳነበበ አላውቅም። እሱም የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ ከእሳቱ በፊት ነው የተወለደው። ቆቡን አወለቀና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ፤ «ዝም በሉ» አለ፣ የሚያወራ ሰው ባይኖርም። ወደ በሩ የሄዱት ሁለቱ ተመለሱ።

እንደገና ነፋች። ትንፋሽ ወሰደች። እንደገና ነፋች። ከዚያ ቁልፉን ከከንፈሯ አንሥታ ጆሮዋን ወደ ወለሉ ዘንበል አደረገች፣ ዓይኗን ጨፍና።

በመናፍስት አላምንም። ግን እኔም ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ፤ ሎታርም፣ ሠላሳውም ሰው። እሷ እስኪበቃት ድረስ ከመካከላችን የወጣ አልነበረም።